ሣጥን ውስጥ የነበረው ወይን ጠጅ ጨው

...«ጨዉን ክደኑት!» ትል የነበረችው እናቴ ትዝ ያለችኝ ዘግይቶ ነው፣ ወዳጄ። እኛ ቤት ጨው የሚከደነው ከእርጥበት ነበር፤ እዚህ እህቴ ቤተ ሙከራ ግን ከብርሃን ኖሯል።

ነጩን የፖታሲየም ክሎራይድ ጨው የራጅ ጨረር ሲመታው አንዳንዱ ክሎሪን ከቦታው ይፈናቀላል፤ ባዶውን ወንበር ያልተጠራ ኤሌክትሮን ይይዘዋል፤ ጨዉም ወይን ጠጅ ይሆናል። «ጉድለቱ ነው ያሳመረው» አለችኝ እህቴ። የሦስት ዓመት ልፋቷን ዛሬ ለፈታኞቿ ታሳያለች።

«ጋሼ፣ እንግዶቹን ተቀብዬ ልምጣ። ጥቁሩ ሣጥን ውስጥ ያለውን እንዳትነካ፤ የሠርጌን ኬክ ቀድሞ ማን እንደቀመሰው አልረሳሁም!»

አልነካሁትም፤ በመሐረብ ያዝኩት። ቀለሙን በትክክል ልጽፍልህ ብዬ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ቃል ስመርጥ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ቀና ስል ብርሃኑ ያንን ኤሌክትሮን ከወንበሩ አስነሥቶታል፤ ጨዉ ነጥቷል፤ እኔም እንደዚያው። መልሼ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ እያለቀብኝ ነው። ደረጃው ላይ የእህቴ ድምፅ ይሰማል፤ «ቀለሙን ስታዩት ትገረማላችሁ!» ፈታኞቹ ገቡ። እህቴ ሣጥኑን አነሣችና ፈገግ አለችልኝ። በሩ ተዘጋ።