የአያ ደርቤ ወንፈል

እንዴት ነሽ እየሩስ? ስልኩ እንደተቋረጠ ስለሆነ ይችን ካርድ በደጀን በኩል ለሚያልፍ ሾፌር እሰጣለሁ። ሥዕሉ የዓባይ ድልድይ ነው፤ እኔ ያለሁት ከዚያ አልፎ ጉንደ ወይን አጠገብ ነው።

ትናንት ከምሽጋችን ሥር ያለው ጤፍ ሳይረግፍ እንድናጭድ ታዘዝን። ባለቤቱ አያ ደርቤ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ብቻቸውን ነበሩ። አሰላ ቢሆን ኮምባይነር አንዴ ዞሮ የሚጨርሰውን ማሳ፣ እኛ አጎንብሰን እስከ ምሳ ሰዓት አጨድነው። የማጭድ አያያዜን ብታይ ትስቂብኝ ነበር።

ማጭዱን ስመልስላቸው «ልጄ፣ ይህ ወንፈል ነው። ለሠራልኝ ሰው እኔም ሄጄ እሠራለታለሁ። አገርህ የት ነው?» አሉኝ። አሰላ ስላቸው «ሩቅ ነው» አሉ።

«ግዴለም አባቴ፣ ይተውት» አልኳቸው።

«ወንፈል አይተውም። እኔ ባልደርስ ልጄ ይመልስልሃል፤ ደመላሽ ይባላል።»

የት እንዳለ ጠየቅኳቸው። ከፊታችን ያለውን ጋራ አየት አደረጉና ነዶ ማንሳት ጀመሩ። የሚተኮስብን ከዚያ ጋራ ነው። ለአዛዡ አልተናገርኩም።

ቦታው እያለቀብኝ ነው። እናትሽን ሳሚልኝ። ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ ያልኩትም አልቀረም። ደመላሽ የሚባል ሰው አንድ ቀን መጥቶ ቢጠይቅ ግን፣ እኔ ባልኖርም የግማሽ ቀን ሥራ ስጪው። ምሳውንም አብይው።

ቢንያም