እጄ፣ ላቤና የሙሽራዋ ሹሩባ

ሰኞ

ፀጉር ቤት የከፈትኩት እጄን ከደንበኛ ልደብቅ ነው እንዴ? ጣቶቼ መሐል የተሰነጠቀው ቆዳ ዛሬ መግል ቋጠረ። በዚያው ላይ እትዬ ዘነቡ ልጃቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ልጅቷ እሑድ ሙሽራ ናት፣ ቅዳሜ ሹሩባ ልሠራት ተነጋግረናል። እትዬ እጄን ሲያዩ ክው አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር የሚጋባ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም!» አልኩ። በምን አውቄ!

እስከ ዓርብ ካልዳነ ሌላ ጋ እንሄዳለን ብለው ወጡ። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ሴቶችም ድንገት ጉዳይ ትዝ አላቸውና ተከተሏቸው። ይህችን ሙሽራ ካጣሁ ወሬው ሸዋ ሮቢትን ሳያዳርስ አይመሽም። ከዚያ በኋላ ማን ራሱን ይሰጠኛል?

ማክሰኞ

ሙቀቱስ! ደብረ ሲና ጋቢ ተከናንቤ ያደግሁ ሰው፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ራሱ ላብ በላብ ነኝ። ላብ ሲያስጠላኝ! እጄ ይሸታል ብዬ ስለምሳቀቅ አንዷን ደንበኛ በሸኘሁ ቁጥር እጄን በበረኪና ውኃ እታጠባለሁ። ቆዳዬ ሲቆስል ጀርም ነው ብዬ በረኪናውን ጨመርኩበት። ዛሬም ጨመርኩ። እንባዬ ዱብ ዱብ እስኪል አቃጠለኝ።

ባሌ ሽመልስ ባጃጁን አቁሞ ለምሳ ሲገባ አየኝ። «አንቺ ሴት፣ እጅ ነው ወይስ አንሶላ የምታጥቢው?» ተናደድኩበት። ነገ ጤና ጣቢያ ካልሄድሽ ብሎ ግን አስማለኝ።

ረቡዕ

ነርሷ ሲስተር መሠረት እጄን አገላብጣ አየችና በምን እንደምታጠብ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «በስመ አብ!» ብላ አማተበች።

ለካ ቆዳ ዝም ብሎ መሸፈኛ አይደለም። ጀርም የሚገድሉ ጥቃቅን ነገሮችን ራሱ ያመርታል፤ ፔፕታይድ ይባላሉ። ጀርሙ ላይ ተለጥፈው ሽፋኑን ይበሱታል አለችኝ። ጉዱ ደግሞ ላብ ውስጥም አሉ! ያ የምረግመው ላብ ለካ ዘበኛዬ ነው።

«አንቺ ቆዳሽን በበረኪና አቁስለሽ በሩን ለጀርም ወለል አድርገሽ ከፈትሽለት» አለችኝ። አፈርኩ።

የሚቀባ መድኃኒት ሰጠችኝ። እሱም ፔፕታይድ ነው፤ ከባክቴሪያ የተገኘ፣ ሌላ ባክቴሪያ የሚገድል። እሾህን በእሾህ ማለት ይሄ ነው። መድኃኒት የለመዱ ጀርሞች ስለበዙ ከሰውነታችን ፔፕታይድ እየተማሩ አዲስ መድኃኒት ለመሥራት የሚደክሙ ተመራማሪዎች አሉ አለች። ይቅናቸው።

ትእዛዟ፦ በረኪና እርም። ለስላሳ ሳሙና። ፀጉር ሳጥብ ጓንት። ቁስሉ ሳይደርቅና ሳይገጥም በባዶ እጄ የሰው ፀጉር አልነካም። በጓንት ደግሞ ቀጭን ሹሩባ አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ። እንግዲህ ቅዳሜ እስኪደርስ እግዜር ያውቃል።

ሐሙስ

ሱቁን ዘግቼ ዋልኩ። መታጠብ አማረኝ፣ ራሴን ያዝኩ። ትልቅ ድል!

ለሽመልስ የላቡን ነገር ብነግረው ማበድ ቀረው። «ታዲያ እኔ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ስንጠፈጠፍ የምውለው ተንቀሳቃሽ ፋርማሲ ነኛ!» ብሎ ሊያቅፈኝ መጣ። ፋርማሲውን መጀመሪያ ገላውን እንዲታጠብ ላክሁት። ሲስተር ላብ አለ ብላችሁ ገላችሁን አትታጠቡ አላለችም።

እብጠቱ ጎደለ። መግሉም ደርቋል።

ዓርብ

እትዬ ዘነቡ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ጣቶቼን እንደ ገበያ በርበሬ አንድ በአንድ አገላበጡ። የነርሷን ቃል ብነግራቸው «ላብ መድኃኒት ከሆነማ የቆላ ሰው ባልታመመ!» አሉኝ። ልጅቷ ግን «እማዬ፣ እሷ ካልሠራችኝ ፀጉሬን ማንም አይነካውም» ብላ ድርቅ አለች። እትዬ ተሸነፉ። «እንግዲያው ነርሷ ራሷ ትፍቀድ!»

ሽመልስ ሦስታችንንም ባጃጅ ላይ ጭኖ ጤና ጣቢያ ወሰደን። ሲስተር እጄን አገላብጣ አየች። «ገጥሟል፤ ነገ መሥራት ትችያለሽ» አለች። ሳላስበው ሳምኳት።

ቅዳሜ

ሹሩባው ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቆመ። ላቤ ከግንባሬ ይወርድ ጀመር። እትዬ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉልኝ ተነሡ።

«ይተዉት እትዬ፣ ዘበኛዬ ነው!»

«ዘበኛሽ የልጄ አንገት ላይ እየተንጠባጠበ ነው!» ብለው ጠረጉኝ። ሙሽራዋ በሳቅ ስትንፈራፈር የያዝኩት ጉንጉን ተፈታብኝ፣ እንደገና ጀመርኩት።

ሲያልቅ እንዴት አማረባት! ሽመልስ በባጃጁ ሊያደርሳት ይዟት ሄደ። እትዬ ዘነቡ ግን አልሄዱም። ነጠላቸውን አውርደው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? የሙሽራ እናት ፀጉሯ ተንጨብርሮ ሰርግ ትግባ?»

በባዶ እጄ ሽበታቸውን መፍታት ጀመርኩ።