ታራማቲ ከመብረሯ በፊት

ማንድቪ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1937
ይድረስ ለልጄ ለታራማቲ፣ ካራቺ

የኔ ታሩ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እኔ ደኅና አይደለሁም። የፊታችን እሑድ ብቻሽን አውሮፕላን እያበረርሽ፣ ባሕሩን አቋርጠሽ እኛ ከተማ ልታርፊ ነው ከተባለ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞር ብሏል። ፈርቻለሁ ልጄ።

ወደ ካራቺ የሄድሽ ቀን፣ ከቤት ስትወጪ ከኋላሽ ጠራሁሽ። ክፉ ገድ ነው እየተባለ መንገደኛን ከኋላው የሚጠራ ማን ነው? ስንት መርከበኛ የሸኘሁ ሴት ይኼን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ተመለሺና ቁጭ በይ፣ ክፉው ገድ እንዲሻር እርጎና ስኳር ቀምሰሽ እንደገና ውጪ ብልሽ፣ «እማ፣ መርከቡ ያንቺን እርጎ አይጠብቅም እኮ!» ብለሽ እየሳቅሽ ሄድሽ። የጠራሁሽ የበረራ መነጽርሽን ረስተሻል ብዬ ነበር። መነጽሩ ግን አንገትሽ ላይ ነበር። ስጠራሽም አይቼው ነበር።

ከተማው ከወዲሁ በዓል ጀምሯል። ትናንት ነጋዴው ጎካልዳስ ጣፋጭ አስይዞ መጣና፣ «እህቴ ጃምና፣ ከአገራችን ከኩች ሴቶች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አብራሪ ያንቺ ልጅ ሆነች እኮ! ሁለት መቶ የአበባ ጉንጉን አዝዣለሁ፤ ከበሮም አለ። አንቺም ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ» አለኝ።

«እግሯ መሬት ሳይነካ ምን አበባ ነው የምታስሩት? አበባ ለሬሳም ይታሰራል!» ብዬ ጮኽሁበት። ምስኪን፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ። አሁን አፍሬያለሁ፤ ሰውየው የመጣው አንቺን ለማክበር ነበር።

አባትሽ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን አንስቶ አያውቅም። ዛሬ ምሳ ላይ ግን ድንገት፣ «እኔ የሠራሁት መርከብ ቢሰበር ሰው ሳንቃውን ይዞ ይንሳፈፋል። እሷ ምኑን ልትይዝ ነው?» አለኝ። ቂጣውን ትቶ ወጣ።

ተከተልሁት። የት ባገኘው ጥሩ ነው? አንቺ የምታርፊበት የከብቶቹ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ድንጋይ ይለቅማል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሊያዩት የመጡት መሐንዲሶች ሜዳው ንጹሕ ነው ብለው የለም እንዴ?» አልሁት።

«ብለዋል። ያዩት ግን ቆመው ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ሳሪዬን ወገቤ ላይ ሸጉጬ አጠገቡ ተንበረከክሁ። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ በቅርጫት እየሞላን ዳር ደፋን። ጥፍሬ ተሰባብሯል፤ ፍርሃቴ ግን ያው ነው።

አትምጪ የሚል ደብዳቤ ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀደድሁ። ይኼኛው ነገ በሚነሳው መርከብ ይደርስሻል። አምላክ ከክፉ ነፋስ ይሰውርሽ፤ እጅሽን ያጽናልሽ። የሜዳውን ምዕራብ እስከ እሑድ እንጨርሰው እንደሆነ አላውቅም። አደራሽን ታሩ፣ በምሥራቅ በኩል ውረጂ፤ እዚያ ያለውን ድንጋይ አንድ በአንድ በእጃችን አንስተናል።

እናትሽ ጃምና