ልጄ ያልተፋው ምራቅ

እኔ ወይዘሮ አየለች ዋኘው፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም ልቡናዬ እንደ ተሰበሰበ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጎንደር አዘዞ በሚገኘው ቤቴ በምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የምትጽፈው የጎረቤቴ ልጅ እስከዳር ናት፤ ያልኩትን እንዳታሳምርብኝ አደራ ብያታለሁ።

አስቀድሜ ስም ላስተካክል። እናቴ ብርቄ የትክል ድንጋይ ሰው ናት ስል የኖርኩት ውሸት ነው። የወለቃ ቤተ እስራኤል ናት፤ ሸክላ ሠሪ። ክርስቲያን ስታገባ ወገኖቿ እንደ ሞተች ቆጥረው አለቀሱባት። አባቴም የእሱ ዘመዶች ቡዳ እንዳይሏት የትክል ድንጋይ ሰው ናት ብሎ አገር ለወጠላት። እኔም ሆስፒታል ሠላሳ ዓመት ሳስታምም ያንኑ ውሸት ደገምኩ።

ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ልጄ ዓይናለም የዘር መመርመሪያ ብልቃጥ አምጥታ ምራቅ ስጡኝ አለች። ወንድሟ ቄስ ፊልጶስ ቆርቤያለሁ፣ ምራቅ አልተፋም አላት። የቆረበ እንደማይተፋ እናውቃለን። ግን እንደ እሱ አነጋገር ከሆነ ልጄ ሰኞም ማክሰኞም፣ ከገበያ ሲመለስም ቆርቦ ነበር። ሦስት ወር ጠበቅነውና እኔ ሞላሁላት።

ውጤቱ ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል የለውም። እስራኤል አገር የምትኖር ፅዮን የምትባል ሴት የቅርብ ዘመድሽ ናት ይላል እንጂ። ደወልንላት። "እናቴ 'ብርቄ የምትባል እህት ነበረችኝ' እያለች ሞተች" አለችኝ።

እናቴ ገንቦ ታለሰልስበት የነበረውን ጥቁር ድንጋይ ለፅዮን ሰጥቻለሁ። ዓይናለም ራሷ ታድርስላት፤ በሰው እጅ አይላክ። ጥልፍ ቀሚሴ ለጎረቤቴ ለሸዋአየሁ ነው፤ ሃያ ዓመት ስትመኘው አይቻለሁ።

ቤቱን ለፊልጶስ አልኩ፤ ነገር ግን በአርባዬ ዕለት በሰው ሁሉ ፊት የአያቱን ስምና አገር ይናገር።

ከቅዳሴ ወጥቶ እግርጌዬ ተቀምጦ ነበር። "ምነው እማዬ፣ የደብሩ ሰው ምን ይለኛል?" አለ።

"የደብሩ ሰው እኔንም ሲያማኝ ነው የኖረው። ይኸው ሸጋ አርጅቻለሁ።"

ፊልጶስ አራተኛው ምስክር የት አለ ብሎ እስከዳርን ጠየቃት። ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል፤ አራተኛው አያ አላምረው ግን ማክሰኝት ላይ መኪና አጥቶ ቀርቷል። "እንግዲያ እኔ ልፈርም" አለ። ምስክር የሆነ ሰው በኑዛዜው የተሰጠውን እንደማያገኝ ነገረችው።

"ቤቱን ለዓይናለም ጻፊው። አርባ ቀን ምን ያስጠብቀኛል?" አለ።

ስለዚህ ቤቱ የዓይናለም ነው። ለፊልጶስ የምጨምርለት የለኝም፤ የሚፈልገውን ራሱ ወስዷል።

ይህ ቃል በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቧል፤ የእኔው ነው።

ተናዛዥ፦ አየለች ዋኘው (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ይበልጣል ሐብተ ማርያም (ፊርማ)
መለሰ ይርጋ (ፊርማ)
ወንጌላዊት አድማሱ (ፊርማ)
ቄስ ፊልጶስ ፍቅረ ማርያም፣ የወለቃዋ የብርቄ የልጅ ልጅ (ፊርማ)