ሁላችንም ከመፀዳጃ ቤቱ ጀርባ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው ደብዳቤህ «ትንሽ ያዝ ያደርገኛል» ብለህ ነበር፤ እማዬ ደግሞ እሱ ትንሽ ካለ ብዙ ነው ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስታጉረመርም ከረመች። የፋብሪካው ፈረቃ ተቀየረልህ ወይስ አሁንም ሰው ሲተኛ ነው የምትወጣው? ብርዱስ ጋብ አለ? ትልቋ ልጅህ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ትንሹስ አልተኛም እያለ አሁንም ቤቱን ያምሳል? አደራህን ሁሉንም መልስልኝ። አንዱን ዘለህ ከጻፍክ እማዬን ታውቃታለህ፣ የተጻፈውን ትታ የተዘለለውን ስታሰላስል ነው የምትከርመው።

እኛ በጣም ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ ሌላ ጊዜ ምንም አይልም። እኔማ ዛሬ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል። ይህን የምጽፍልህ ሱቃችን ውስጥ ከተደራረቡት ወንበሮች ላይ ወጥቼ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርጄ አዳራሹ በር ድረስ ሄጄ የተለጠፈውን አይቼ ተመልሻለሁ። ምን ተለጥፎ ነው ትለኛለህ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ አለበለዚያ «ይቺ ልጅ ዛሬም ከመጨረሻው ጀመረች» ብለህ ትስቅብኛለህ።

ከወራት በፊት የከተማው አስተዳደር ሰዎች መጥተው አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። አዳራሹ ይታደሳል፣ ዙሪያው ይጸዳል ይላል። መታደሱስ እሰየው ነው። ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረው አንተ እዚህ እያለህ ነው፤ አሁንማ ሙሽሮች መድረክ ላይ ፎቶ የሚነሡት ባልዲ አጠገባቸው አስቀምጠው ነው። እኛን ክው ያደረገን ግን «ዙሪያው ይጸዳል» የሚለው ነው። የአዳራሹ ዙሪያ ማለት እኮ እኛ ነን! ከበሩ ጀምሮ አጥሩን ተደግፈን የተደረደርነው፣ መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፣ ከዚያ ነጎድጓድ ከነሞንታርቦና ማይክ ኪራዩ፣ ከዚያ የእኛ ድንኳንና ወንበር ኪራይ፣ መጨረሻ ላይ የእትዬ ሻይ ቤት። እማዬ ማስታወቂያውን ደጋግማ አስነበበችኝና «እንግዲህ የሚጠረገው ቆሻሻ እኛ መሆናችን ነው» አለች።

ለአንተ እንዳልጽፍልህም ከለከለችኝ። «በሰው አገር ሆኖ ምን ያድርግ? የራሱ ወገብ አይበቃውም?» አለች። እኔም ዋጥ አድርጌ ያዝኩት። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ፈርቼ ነበር። አባታችን ትቶልን የሄደው ያቺን ሱቅ ብቻ ነው፤ እማዬም ጠዋት ተነሥታ የምትሄድበት ቦታ ከሌላት ምን ትሆናለች እያልኩ አስብ ነበር። ማታ ማታ ወንበር ስንቆጥር ሳቋ ሁሉ ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ ሌላ ማስታወቂያ መጣ። የአካባቢው ሰው ሐሳቡን ይስጥ፣ ፕላኑ የሚጸድቀው ነዋሪው ከተናገረ በኋላ ነው የሚል። እትዬ አላመኑም። «አፍርሰው ሲያበቁ እንዴት ነው፣ አማረ ወይ ሊሉን ነው» አሉ። ቢሆንም ስብሰባው በተጠራበት ቅዳሜ ጠዋት ከሁላችንም ቀድመው ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ወንድም ጋሼ፣ ሰው እንዴት እንደመጣ ብታይ! ሠርግ እንኳ እንዲህ አይሞላም። ከአስተዳደሩ የተላከችው መሐንዲስ ገና ወጣት ናት፤ ጫማዋ ጭቃ የነካው፣ ፀጉሯን በእርሳስ የቋጠረች፣ ሳቂታ። «እኔ ለመስማት ነው የመጣሁት» አለች። እንዲህ የሚል ሰው ብዙ ያወራል ብዬ ወንበሬን አመቻቼ ተቀምጬ ነበር፤ እሷ ግን እውነትም ሰማች። ሽማግሌዎቹ ደረጃው ላይ የሚጨበጥ ብረት ይደረግልን አሉ። ወጣቶቹ ኳስ ሜዳችን አይነካ ብለው ተንጫጩ። አንዱ ተነሥቶ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ያደረገ ሰው የራሱን ቃል ሁለቴ ይሰማል ብሎ ሊያስረዳ ሲል አዳራሹ እሱኑ እየደገመ ምስክር ሆነለት። እትዬ ስለ መፀዳጃ ቤቱ ያደረጉት ንግግር ደግሞ በዚያ መድረክ ከተደረገው ሁሉ ረጅሙ ሳይሆን አይቀርም፤ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ያገኙትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለ ሱቆቹ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እማዬን በክርኔ ጎሸም አድርጌ «ተነሺና ጠይቂ እንጂ» ብላት «ለሆዷ መጣች ይሉኛል» አለችኝ። ፀጉር አስተካካዩም ጫማውን ያያል። ልብስ ሰፊው አባባም መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ሰፈራችንን ታውቀው የለ? ሰው ሁሉ ይሉኝታ ገድሎት፣ የራሱን ጉዳይ ማንሳት ጉቦ መጠየቅ ይመስለዋል። እኔ ራሴ፣ ምላስሽ ምላጭ ነው የምትለኝ እህትህ፣ አፌ ተያዘ።

መሐንዲሷ መቼም ነገሩ ገብቷት መሰለኝ፣ ራሷ አነሣችው። የመጀመሪያው ፕላን ላይ ሱቆቹ እንዳልነበሩ፣ ነዋሪው ከፈለጋቸው ግን ቦታ እንዳለ ተናገረች። አዳራሹ ውስጥ የራሱ ወንበር ቢገባም ግቢው ለድንኳን ዝግጅት እንዲሆን ሰፋ ተደርጎ እንደሚሠራም ጨመረች፤ ያን ጊዜ እማዬ ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ መሐንዲሷ ጠረጴዛ ላይ ከካርቶን የተሠራ ትንሽ አዳራሽ አስቀመጠች፤ ግቢው፣ ኳስ ሜዳው፣ ዛፎቹ፣ መፀዳጃ ቤቱ ሳይቀር አለ። ለእያንዳንዳችን የክብሪት ቀፎ የምታህል እንጨት ሰጠችንና «ይህች የእናንተ ሱቅ ናት፤ እንድትሆን የምትፈልጉበት ቦታ ላይ አስቀምጧት» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ሄደ። አየ፣ አየ፣ ከመፀዳጃ ቤቱ ጀርባ ጥግ ላይ ሸጎጣትና «ለእኔ ይህችው ትበቃኛለች» አለ። ልብስ ሰፊው አባባ ከእሱ ኋላ አስቀመጡ። ነጎድጓድም እዚያው። እኔ መቼም ደፋር ነኝ ብዬ በሩ አጠገብ ላስቀምጥ እጄን ዘረጋሁ፤ የሰው ዓይን ሲያርፍብኝ እጄ ራሱ ዞሮ ከነጎድጓድ ሥር ወሸቃት። እትዬም «እኔ አሮጊት ምን ቦታ ያስፈልገኛል» ብለው ከላይ ደረቡባት። ግቢው ሁሉ ባዶውን ቀርቶ እኛ ከመፀዳጃ ቤቱ ጀርባ አንድ ላይ ተቆልለን ቀረን። መሐንዲሷ ቁልሉን አየች፣ እኛን አየች፣ እንደገና ቁልሉን አየችና «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ መፀዳጃ ቤት ግን ምን አለው?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እንባዬን እስክጠርግ ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን እርር ብሏል።

እሷም ስቃ ስታበቃ ከንፈሯን ነክሳ ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ሁላችሁም አንሡ። አሁን ማንም የራሱን አይነካም፤ እያንዳንዱ ሰው በስተቀኙ ያለውን የጎረቤቱን ሱቅ ያስቀምጥ» አለች።

ምን ልበልህ! ሰው ለራሱ ሲሆን የተሳሰረው እጅ ለሌላው ሲሆን እንዴት ይፈታል! ፀጉር አስተካካዩ የልብስ ሰፊውን ሱቅ ፀሐይ በሚገባበት በኩል አደረገና «ዓይናቸው ደክሟል፣ ብርሃን ይፈልጋሉ» አለ። እትዬ መጨረሻ ላይ ስለሆኑ ዞረው የፀጉር አስተካካዩን ያዙ፤ መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚ እንዲያየው ብለው ማዕዘኑ ላይ ተከሉት። እኔ የእትዬን ሻይ ቤት ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ኳስ ሜዳው አፍ ላይ አስቀመጥኩ፤ ተጫዋችም ተመልካችም ይጠማዋል። ልብስ ሰፊው አባባ ግን ለዓመታት ጆሯቸውን ሲበጠብጥ የኖረውን የነጎድጓድን ሱቅ አንሥተው ከኳስ ሜዳው ማዶ፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወስደው አስቀመጡና «ለጤናው ንጹህ አየር ይሻለዋል» አሉ። ነጎድጓድ ራሱ ሳቀ።

የቀረችው የእኛ ነበረች። በዚህ ስሌት የእኛን የሚያስቀምጠው ማን እንደሆነ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ቀልቤ ተገፈፈ። ነጎድጓድ! አንድ ብስክሌት እየተፈራረቃችሁ ያደጋችሁ ጓደኛህ፣ በዚያ ሠርግ ቀን ነፋሱ የድንኳናችንን ምሰሶ ነቅሎ ትልቁ ሞንታርቦው ላይ ከጣለበት ወዲህ የተኮራረፋችሁት። አንተ «ከምሰሶዬ ሥር ማን አስቀምጥ አለው» ብለህ፣ እሱ «ገመዱን በደንብ ቢያስረው» ብሎ፣ ሳትሰናበተው ሄድክ። ካንተ በኋላ እኛንም በአንገቱ ነው ሰላም የሚለን። እማዬ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

መጣ። እንጨቷን መዳፉ ላይ አገላበጣት። እኔ በቃ፣ ወደ መፀዳጃ ቤቱ ጀርባ መመለሳችን ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ከዋናው በር አጠገብ፣ ሞንታርቦውን በየሠርጉ እየጎተተ ለራሱ ሲመኘው በኖረው ቦታ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ማይክ በማያስፈልገው ድምፁ «ወንበር ከበሩ ከራቀ የሚሸከሙት እኚህ እናት ናቸው። ልጃቸው እዚህ የለም» አለ። ይህን ብሎ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ወንድም ጋሼ፣ አለቀስኩ። ሰው ፊት አለቀስኩ፣ አላፈርኩምም።

እማዬ ተነሣች። ልደግፍሽ ብላት እጄን ገፋ አደረገችና በዚያ ጉልበቷ ጠረጴዛው ድረስ ሄደች። ከኳስ ሜዳው ማዶ የነጎድጓድን ሱቅ አንሥታ ከእኛዋ ጎን አስጠግታ ገጠመቻት። «እኛ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የኖርነው። ጩኸቱን ለምደነዋል» አለች። ልብስ ሰፊው አባባ «እኔ ግን አልለመድኩትም!» ሲሉ አዳራሹ እንደገና በሳቅ ተናጋ። መሐንዲሷም ግድግዳውን ወፍራም አደርገዋለሁ ብላ ቃል ገባችላቸው።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት የተለጠፈው የጸደቀው ፕላን ነው። አለንበት! ከበሩ በስተግራ፣ እኛ፣ ቀጥሎ ነጎድጓድ። ሌሎቹም በተቀመጡበት አሉ። ግንባታው እስኪያልቅ ኳስ ሜዳው ጥግ ላይ ቆርቆሮ ቤት ይሰጡናል፤ አቧራው ይገድለናል፣ ግን ማን ደንታ አለው! እማዬ ፕላኑ ላይ ሱቃችንን በጣቷ እየነካች «እዚህ ጋ መጋረጃ አደርጋለሁ» እያለች ነው። ሰው ወንበር ሊከራይ ሲመጣ ሥራውን ትታ በሩ ድረስ እየወሰደች ታሳያለች።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ደብዳቤህ ሲመጣ ለእማዬ ጮክ ብዬ ነው የማነብላት። ማንበብ ስጀምር ከግድግዳው ማዶ ያለው ዘፈን ይቀንሳል፤ እኛ እማዬን አክብሮ ይመስለን ነበር። ዛሬ ፕላኑን አይተን ስንመለስ ነጎድጓድ አንተ ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራችን ላይ ቆመ። ዓይኔን ሳያይ «ደብዳቤውን ስታነቢ መጨረሻው ላይ ድምፅሽ ይወርዳል። ሰላምታው ጋ ስትደርሺ አይሰማኝም» አለኝ። ድምፄ ወርዶ አይደለም፣ ሰላምታው ውስጥ የእሱ ስም ስለሌለበት ነው ብዬ ልነግረው አልቻልኩም። «እሺ፣ ከእንግዲህ ከፍ አደርጋለሁ» አልኩት።

እማዬ ግንባርህን ትስማለች፤ ወገብህን በሙቅ ጨርቅ እንድታሲዝ፣ ዕቃ ስታነሣም ጉልበትህን አጥፈህ እንድታነሣ ብላለች። ለባለቤትህ ውድ ሰላምታዋን ታቀርባለች፤ እሷ ባለፈው የላከችው ሹራብ ለእማዬ ልክ ሆኖላታል። ትልቋን ልጅህን በአዲሱ ጥርሷ ነክሳ አንተን እንድትስምልኝ ንገራት። ትንሹን ደግሞ አክስትህ መጥታ ታስተኛሃለች ብለህ አስፈራራልኝ። ልብስ ሰፊው አባባ፣ ፀጉር አስተካካዩና እትዬ አንድ በአንድ ሰላም ብለውሃል፤ እትዬ የመፀዳጃ ቤቱን ንግግር ስትመጣ ከመጀመሪያው ይደግሙልሃል።

ነጎድጓድ ሰላም በይልኝ አላለም። እሱ የሚጠብቀው ያንተን ነው።

ታናሽ እህትህ

ከአዳራሹ አጥር ሥር፣ የካቲት 21 ቀን