የታሪኳ ግንባር

እሑድ፣ ዱራሜ

አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቴ ቆጠርኳቸው፤ አንዴ ስታቅፈኝ፣ አንዴ ምሳ ስንበላ። ስድስቱ ግንባሯ ላይ፣ አራቱ ከጸጉሯ ዳር ጆሮዋ አጠገብ፣ አንዱ፣ ዋናው፣ በሁለት ቅንድቦቿ መካከል። ቀይ ነው፤ ጫፉ ሊነጣ ትንሽ ቀርቶታል። የዛሬ ሳምንት ሙሽራ ናት።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በፊቴ አላሳየሁም እንጂ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ታሪኳ ማለት እዚሁ ዱራሜ አሥረኛ ክፍል ሳለን «በቆሎ» የሚል ስም ያወጣችልኝ ልጅ ናት። ያኔ ፊቴ ላይ ብጉር ያልያዘው ቦታ አልነበረም። ጠዋት ክፍል ስገባ «በቆሎ መጣች፣ እሳት አንድዱ!» ትላለች፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። አንድ ቀን ዴስኬ ላይ ግማሹ የተጋጠ በቆሎ አስቀምጠው ጠበቁኝ። አባቴ ሥራ ተዛውሮ ወደ ሆሳዕና ስንመለስ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሆሳዕና ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በቆሎ ግን እስከ ዛሬ አልበላም።

ከአሥር ዓመት ዝምታ በኋላ ባለፈው ወር ደውላ «ወይንዬ፣ ሚዜ ሁኚኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ለምን? እዚህ ደብተር ላይ ልዋሽ አልችልም፦ እንድታየኝ ነው። ፊቴ ጠርቷል። ግራ ጉንጬ ላይ ካለችው ጥቁር ጠባሳ በቀር ምንም የለብኝም። ፌስቡክ ላይ ፎቶዬን ለጥፌ ስለማላውቅ (ያለው የአበባ ሥዕል ነው) ይህን አታውቅም። ፈቃድ ለምኜ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቄ የመጣሁት ይህን ፊት ላሳያት ነው።

አየችው። በር ላይ ፈገግታዋ ክው አለ። ከዚያ አቀፈችኝ።

የምንተኛበት ክፍል ውስጥ ያለው መስታወት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ለሠርጉ ቤቱን ቀለም ሊቀቡት ይሆናል።


ሰኞ

ምክንያቱን አገኘሁት። ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አክስቷ ወይዘሮ ለምለም ከዳምቦያ ገበያ ለጋ ቅቤ ይዘው መጥተዋል። በዚህ ቤት ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ጸጉሯን ቅቤ ትቀባለች። አክስት ይቀቧታል፣ ይመርቋታል፣ ከዚያ «ይግባ» ብለው ፀሐይ ላይ ያስቀምጧታል። ቅቤው ይቀልጥና በግንባሯ ይወርዳል። አክስት ደግሞ የወረደውን በመዳፋቸው ፊቷ ላይ አዳርሰው ያሹታል። «ለፊትም ጥሩ ነው» አሉኝ ሳያቸው።

ጥሩ ነው! አምና ሆሳዕና የቆዳ ሕክምና የምትሠራው፣ አገኘሁ የምትባል ሲስተር፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ፊትሽን ምን ትታጠቢያለሽ?» ብላ አይደለም። «ጸጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ?» አለችኝ። ቅቤ አልኳት። «ሲቀልጥ ወዴት ይወርዳል?» አፌን ያዝኩ። ብጉር የሚወጣው የቆዳ ቀዳዳ በቅባት ሲደፈን ነው፤ ቆዳሽ ራሱ ቅባት እያመረተ አንቺ ከላይ ትጨምሪበታለሽ አለችኝ። ቅቤውን ስተው ግንባሬ ቀስ በቀስ ጠራ። ለቀረው ፊቴ ማታ ማታ የሚቀባ ጄል አዘዘችልኝ፤ ሦስት ወር ፈጀ።

ከእሷ በፊት ፊቴ ላይ ያላደረግኩት የለም፦
— ሎሚ (አቃጠለኝ)
— የጥርስ ሳሙና (አደረቀኝ)
— እርድ በማር (ሁለት ቀን ቢጫ ሆኜ አስተማርኩ)
— የጠዋት ምራቅ፣ ሳልናገር በፊት
— በቀን አምስት ጊዜ በልብስ ሳሙና መታጠብ
— ማፍረጥ፣ ማፍረጥ፣ አሁንም ማፍረጥ
— ከአውቶቡስ መናኸሪያ ጀርባ የተገዛ ስም የለሽ ክሬም። የጉንጬ ጠባሳ የእሱ ስጦታ ነው።

ከሰዓት በኋላ ታሪኳ እጄን ይዛ «ወይንዬ ሙች፣ ምን አድርገሽ ነው የጠፋልሽ?» አለችኝ።

«ጸሎት» አልኳት።

ጸሎት! ፊቴ አልተለወጠም። ሌላ ምንም አላደረግኩም፤ ቅቤው የራሱን ሥራ ይሥራ።


ማክሰኞ

አሥራ ሦስት።

ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ለጸሎት ተሰበሰበ። እናቷ እትዬ ዓለሚቱ ቆመው «ጌታ ሆይ፣ የልጄን ግንባር አስብ» አሉ። ጾምም ጀምረዋል። እኔ አብሬ «አሜን» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ታሪኳ ከጸሎት ወጥታ በቀጥታ ቅቤ ሥር ተቀመጠች።

ጎረቤት የመጡ ሴት «አይዞሽ፣ ስታገቢ ይጠፋል» አሏት። ለእኔም ስንቴ ተብሏል! በዚህ ሒሳብማ ሦስት ባል አግብቼ መፍታት ነበረብኝ። ታሪኳ ሳቀች፣ ግን ሳቋ አፏ ላይ ብቻ ነበር፤ እጇ ግንባሯን ሸፍኗል። ያንን እጅ አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እጄ እዚያ ነበር።

አላሳዘነችኝም። ጻፍኩት፦ አላሳዘነችኝም።


ረቡዕ

ዛሬ ደሜ ፈልቷል።

ታናሽ እህቷ ሰላም ለሚዜዎች ቀሚስ ልኬን ስትወስድ፣ መርፌ አፏ ውስጥ ይዛ፣ «አንቺ ግን ቆንጆ ነሽ እኮ፤ እህቴ እንደዚያ አላለችም ነበር» አለች። ምን አለች አልኳት። ልጅቱ ነገሩ የገባት ዘግይቶ ነው፤ ቀላች። ጎትጉቼ አወጣሁት።

ታሪኳ የደወለችልኝ ወዳኝ አይደለም፤ ናፍቄያትም አይደለም። ብጉሩ መውጣት ሲጀምርባት «ወይንሸትን ሚዜ ባደርጋት ከእሷ አጠገብ የእኔ አይታይም» ብላ ነው። በቆሎዋን ለማሳመሪያ ጠራችኝ! ለአሥር ዓመት ያልነካችው ስልክ ለዚህ ተነሣ።

እኔ ደግሞ ትናንት ስለ እጇ ስጽፍ እዚህ ገጽ ላይ ልለሰልስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሰላምን «አልሰማሁም፣ አትጨነቂ» አልኳት። ሰምቻለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እኔም እየሳቅኩ እወስዳታለሁ።


ሐሙስ

መናገር ሳያስፈልገኝ በቀሉ በራሱ እግር መጣ።

ታሪኳ በሩን ዘግታ ከቦርሳዋ አንድ ነገር አወጣች። ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። ስትከፍተው ሽታው መታኝ፤ የጽጌረዳ ሳሙና ሽታ። አወቅኩት። እኔ ከመናኸሪያ ጀርባ ከገዛሁት ጋር አንድ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ቀላቅለው የሚሸጡት። «በሦስት ቀን የሕፃን ፊት ያደርጋል አሉኝ። ነገ ጠዋት ቅቤውን ታጥቤ እጀምረዋለሁ። ምን ትያለሽ?»

የእኔንም በሦስት ቀን የሕፃን ፊት አድርጎት ነበር። ደስ ብሎኝ አንድ ወር ተቀባሁት። ሳቆመው ፊቴ ነደደ፣ ተላጠ፣ ብጉሩም ዘመዶቹን ሁሉ ይዞ ተመለሰ። ሲስተር አገኘሁ የተረፈውን አሽትታ «ይህ ለሌላ የቆዳ በሽታ፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ኃይለኛ መድኃኒት የተደባለቀበት ነው። ፊት ያስለምዳል፣ ከዚያ ያበላሻል» አለችኝ።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ዓርብ ትጀምራለች። እሑድ ፎቶው ላይ ታበራለች። ስላማረባት አትተወውም። ከወር በኋላ፣ ባሏ ቤት፣ አንድ ጠዋት መስታወት ታያለች። እኔ ያኔ ሆሳዕና ተቀምጫለሁ፣ እጄ የለበትም።

«አላውቅም። አንቺ ካመንሽበት» አልኳት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ልሰርዘው ነበር፣ ተውኩት።

ራት አልበላሁም። አክስት «ሚዜዋ ታማለች እንዴ?» አሉ።


ዓርብ

ጠዋት ልብሴን ልወስድ ስገባ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ታጥቦ ይንጠባጠባል፣ ዕቃው ጭኗ ላይ ተከፍቷል። አላየችኝም። ተነሥታ ያንን የዞረ መስታወት በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ገለጥ አደረገችው፤ ግማሽ ፊቷን አየች መሰለኝ፤ ወዲያው መልሳ ወደ ግድግዳ አዞረችው። ከዚያ በዳበሳ ልትቀባ ጣቷን ነከረች።

እዚህ ቤት ማንም ቀለም አልቀባም። ሳምንቱን ሙሉ የዞረው በእሷ እጅ ነው።

አሥረኛ ክፍል ሳለን እኔም የቤታችንን መስታወት አዞርኩት። አባቴ ምንም ሳይጠይቅ ይመልሰዋል፤ እኔ አዞራለሁ፤ እሱ ይመልሳል። ያንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ቆይ!» አልኩ። ጮኼያለሁ መሰለኝ። ዕቃውን ከእጇ ነጠቅኩ፣ በጓሮ ወጣሁ፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ስመለስ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ምን ሆነሻል አንቺ! ቀናሽ?»

ጉንጬን አስነካኋት። «ይሄን ያደረገኝ እሱ ነው። ትናንትም አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩሽ።»

እንደጀመርኩ ልጨርስ ብዬ ሁሉንም አፈሰስኩት፦ ቅቤውን፣ ከሰኞ ጀምሮ ማወቄን፣ ጸሎት ያልኳት ውሸት መሆኑን። ከዚያ ጠየቅኳት። «አሁን አንቺ ተናገሪ። ለምን ጠራሽኝ?»

«ካንቺ አጠገብ እንዳምር» አለች። አላድበሰበሰችም። «ከዚያ በር ላይ ሳይሽ… እግዜር የሥራዬን ሰጠኝ አልኩ። በቆሎውን ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ታውቂያለሽ አይደል?»

አውቃለሁ አልኳት።

ይቅርታ ልትለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ድንገት ዓይኗ ፈጠጠ። «ጸሎት ነው አልሽኝ? እናቴ እኮ አራት ቀን ጾመች!» ብላ ነጠላ ጫማዋን አንሥታ ወረወረችብኝ። ትከሻዬን መታኝ። መልሼ ወረወርኩባት፤ ሳትኳት። ሰላም ሮጣ ስትመጣ ሁለታችንም ወለል ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። እሷ እያለቀሰች ነበር። እኔም ሳልሆን አልቀርም።


ቅዳሜ

ሕጉን አወጣሁ፦ ቅቤ ከእንግዲህ የጸጉር ጫፍ ላይ ብቻ፤ ግንባር ላይ ሻሽ ጠበቅ፤ ፊት በለስላሳ ሳሙና ጠዋትና ማታ፤ ማፍረጥ ክልክል፣ በተለይ ዋናውን። በአንድ ቀን እንደማይጠፋ ቁርጡን ነገርኳት። ፊቷን አጨማደደች፣ ግን ተቀበለች።

ያልተቀበሉት አክስት ናቸው። ወሬው ደርሷቸዋል። በከምባትኛ አንድ ነገር ተናገሩና ወደ አማርኛ ዞሩልኝ፦ «የዳምቦያን ቅቤ የሰደብሽው አንቺ ነሽ?»

«አክስቴ፣ ለጸጉርማ ምን ወጣለት! ግንባር ላይ ግን—»

«ቁጭ በይ።»

«አክስቴ?»

«ሚዜም ትቀባለች። ወግ ነው።»

ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል? ተቀመጥኩ። በሁለት እጃቸው ዝቀው አናቴ ላይ ጫኑት። ምርቃት እያወረዱ ያሹኛል፤ «ውለጂ፣ ክበጂ፣ አንደበትሽ ይባረክ» ይላሉ፤ አንደበቴ ላይ ሲደርሱ ጠንከር ያደርጋሉ። ፀሐዩ የጥር ነው፤ ቅቤው በቅንድቤ በኩል መውረድ ጀመረ። ታሪኳ በር ላይ ተደግፋ፣ ሻሿን ጠምጥማ፣ «አክስቴ፣ ግንባሯን እንዳይረሱ!» ትላለች።

በቀል ለካ የእኔ ብቻ አልነበረም።


እሑድ

ተጋባች።

ሲስተር አገኘሁ «ብጉር በአንድ ቀን አይወጣም፣ ከሥር ሲበስል ሰንብቶ ነው» ትላለች። እሺ ይሁን። እኔ ግን ዛሬ ጠዋት አገጬ ላይ አንድ አገኘሁ፤ ቀይ፣ ክብ፣ የሚያም። አክስት አዩት፤ በጣም ደስ ብሏቸዋል።

የታሪኳ አሥራ ሁለት ሆኗል። ዋናው ፈዟል እንጂ አለ። መስታወቱን ጠዋት ራሷ አዞረችው፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ኳሏን ተኳለች። አልረዳኋትም። አጠገቧ ቆምኩ ብቻ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፎቶ አንሺው ሁለታችንን አቁሞ «አይጨነቁ፣ ፊት ላይ ያለውን በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ» አለ። ታሪኳ በቬሎዋ ውስጥ ሆና፣ ምንም ሳትስቅ፣ «የእኔን አጥፋ፣ የእሷን ተወው» አለችው። ወንድ ሚዜዎቹ ምን እንዳሳቀን ስላልገባቸው ተያዩ።

ይቅር ብያታለሁ? አላውቅም። በቆሎውን ሳስብ አሁንም ያ ዴስክ ይታየኛል። እሷም ዓርብ የተቋረጠውን ይቅርታ እስካሁን አልጨረሰችውም።

አሁን እሷ ከሙሽራው ጋር ሄዳለች፤ እኔ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ከመሄዷ በፊት መኪናው መስኮት ላይ ጠርታኝ የጄሉን ስም ጠየቀችኝ። «ስሙን አልሰጥሽም» አልኳት። «ሆሳዕና ትመጪያለሽ፣ ወደ ሲስተር ራሴ እወስድሻለሁ። ከዚያ ሦስት ወር ነው። ሲቀላ፣ ሲላጥ፣ ባሰብኝ ስትዪ ለእኔ ትደውያለሽ። በየሳምንቱ።»

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ። ስትደውዪም መጀመሪያ የምትዪው ‹በቆሎ ነኝ› ነው።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ እሺ ትበል እምቢ ትበል አልሰማሁም። አሁን ግን ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው፤ የባሏ ስልክ መሆን አለበት።

አነሣሁት። ጀርባው ጭብጨባና እልልታ ነው፤ ቀስ ብላ «በቆሎ ነኝ» አለች።