ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት፦ የዶክተር ደምለው ፈረደ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ደምለው ፈረደ ከአባታቸው ከአቶ ፈረደ ባፈና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውባንች ማሩ በታች አርማጭሆ፣ ከሳንጃ ትንሽ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር ጥር 21 ቀን 1929 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥለው የተወለዱት ሁለት ልጆች በአንድ ክረምት በወባ በመሞታቸው፣ ከታናሽ እህታቸው ከአሰበች ጋር የአሥራ ስድስት ዓመት ልዩነት ነበራቸው። ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀችው ይህችው አሰበች ናት።

ፊደል በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ሲያበቁ በ1938 ዓ.ም. አጎታቸው ዘንድ ጎንደር ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። በ1949 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው በሥነ ሕይወት ትምህርት በ1953 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ሦስት ዓመት ካስተማሩ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ተልከው በ1961 ዓ.ም. በዶክትሬት ዲግሪ ተመለሱ። ያጠኑት ካላዛር የተባለውን የቆላ በሽታና በሽታውን የምታስተላልፈውን የአሸዋ ዝንብ ነበር። ለምን ይህን መረጡ ብለው ለሚጠይቋቸው፣ እናታቸው ሁለት ልጆች በአንድ ክረምት ሲቀብሩ ማየታቸውን ይናገሩ ነበር እንጂ ሌላ ምክንያት ሰጥተው አያውቁም።

በ1962 ዓ.ም. ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ዳኛው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው ሽታዬንና ቸሩን ወልደዋል። በጎንደር ከተማ ሲያስተምሩ ቆይተው፣ በቆላው የነበረው ውጊያ ጋብ ካለ በኋላ በ1972 ዓ.ም. መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ከጤና ጣቢያው ግቢ ጎን በተሰጣቸው አንድ የቆርቆሮ ክፍል የምርምር ሥራቸውን ጀመሩ። ቤተሰባቸው ጎንደር ሆኖ፣ የመስክ ሥራው ባለበት ወራት ሁሉ የሚኖሩት እዚያ ነበር። አሰበችም አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ሳንጃ ተቀምጣ ነበርና ወስደው ጸሐፊ አደረጓት።

ዶክተር ደምለው ሐኪም አልነበሩም። ሆኖም በዚያ አካባቢ የካላዛርን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ አዎ ወይም አይደለም የሚል ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ በጣም ጥቂት ስለነበር፣ ከእሳቸው መልስ ካልደረሰ መርፌ የሚወጋው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሕክምናውን አይጀምርም። በዚህ ምክንያት በራቸው ከሰው ተለይቶ አያውቅም። የመንግሥት እርሻው ኃላፊ መኪናውን ከደጅ አቁሞ ጡሩንባ እየነፋ ያስጠራቸዋል፤ የወረዳው ካድሬ ሪፖርት አስቸኳይ ነው ብሎ ሳያንኳኳ ይገባል፤ ተማሪዎች ከጎንደር በጭነት መኪና ወርደው ሦስት ቀን በር ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ስላይድ አይተው ሳይጨርሱ አምስት ጊዜ ይነሣሉ። ምሳቸውን ቆመው ይበሉ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. መስከረም አሰበች አንድ ማስታወቂያ በታይፕ መትታ በሩ ላይ ለጠፈች። ዶክተርን ማነጋገር የሚፈልግ ሁሉ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት እንዲመጣ፣ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ለጸሐፊዋ እንዲያስታውቅ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ የሚፈልግ ከሆነ ከመነሻው እንዲናገር፣ የሚነበብ ወረቀት ያለው ከሁለት ቀን በፊት እንዲያደርስ፣ መምጣት ያልቻለ ቃል እንዲልክ፣ ተነጋግሮ የወጣም የተስማሙበትን ጽፎ እንዲያስቀር ይላል። ማስታወቂያው ሠራ። ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን ቁጥር ሰጥተው ይዘው መምጣት ጀመሩ። የእርሻው ኃላፊ ጡሩንባውን ተወ። ካድሬው እንኳ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ታየ። ዶክተር ደምለው በዚያ ዓመት ከጎንደር ጀምሮ የተጓተተ ጥናታቸውን ጨረሱ። «አሰቡ፣ ትንፋሽ ሰጠሽኝ» አሏት። አሰበች በዚያ ወረቀት ትኮራ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የጻፈችው ኩራቷ ምን እንዳደረሰ በወንድሟ አስከሬን ፊት ሳትናገር መቅረት ስላልቻለች ነው።

ረቡዕ ኅዳር 8 ቀን 1975 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መስቱራ የምትባል የወሎ ሴት ወደ ክፍሉ መጣች። ከባሏ ከይመር ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወርዳ፣ ሽንፋ አካባቢ ባለ የእርሻ ካምፕ ሳሉግ ለሚባሉት የቀን ሠራተኞች ምግብ ታበስል ነበር። ይመር ሁለት ወር ሙሉ ትኩሳት አልለቀው ብሎ፣ ሆዱ በግራ በኩል አብጦ፣ ከተኛበት መነሣት አቅቶታል። እሷም ሰሊጥ በጫነ የትራክተር ተሳቢ ላይ ተሳፍራ ነበር የመጣችው።

«በሽተኛ አለብኝ፤ ዶክተሩን ላነጋግር ነበር» አለች።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለቻት አሰበች። «ሰው የሚያነጋግሩት ማክሰኞና ዓርብ ነው። ዓርብ በሦስት ሰዓት ነይ፤ በሽተኛውንም ይዘሽው ነይ።»

«እህቴ፣ በሩ ላይ ሆኜ አንድ ቃል ብቻ ልንገራቸው። ትራክተሩ አሁን ሊመለስ ነው።»

«ሁሉም የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው» አለች አሰበች።

መስቱራ አልተቆጣችም። አሰበች ስሟንና ሰዓቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት፤ ማንበብ ትችል እንደሆነ አልጠየቀቻትም። ሴትዮዋ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። ዶክተር ደምለው ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው «ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «ቀጠሮ የሌለው ሰው ነው ጋሼ፣ ለዓርብ አድርጌዋለሁ» አለቻቸው። «ደግ» አሉና ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሱ። ላንድሮቨራቸው ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ሽንፋ ደርሳ በሽተኛውን ይዛ ለመመለስ ከዚያ ቀን የተረፈው ሰዓት ይበቃት ነበር።

ዓርብ ልክ በሦስት ሰዓት መስቱራ ብቻዋን መጣች። ወረቀቱን ከነጠላዋ ፈትታ ለአሰበች ሰጠቻት።

«ሰውየውስ?» አለቻት አሰበች።

«ትናንት ስናመጣው መንገድ ላይ አለፈ። ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። ቀጠሮ አስይዘሽኝ ነበርና ዝም ብሎ መቅረቱ ደግ አይደለም ብዬ ነው የመጣሁ። ተራዬን ለሌላ በሽተኛ ስጪው።»

ዶክተር ደምለው ሰምተው ወጡ። «ረቡዕ መጥተሽ ነበር እንዴ?» ሲሉ ጠየቋት።

«አዎ አባቴ። ሥራ ላይ ናቸው አሉኝ።»

ዶክተር ደምለው አግዳሚው ላይ ከአጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ይቅርታ ጠይቀው፣ መስቱራንና አሰበችን በላንድሮቨሯ ይዘው ወደ ሽንፋ መንገድ ወረዱ። አፈሩ ገና ያልደረቀው መቃብር ዘንድ ደርሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ረቡዕ ቢደርሱለት ይተርፍ እንደነበር እሳቸውም ሆኑ ድሬሰሩ በእርግጠኝነት ሊናገሩ አልቻሉም፤ አሰበችም እስከ ዛሬ አታውቅም። ሲመለሱ አሰበች መኪናው ውስጥ አለቀሰች። «የከለከልሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም» አሏት። «ደግ ያልኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሆነ ጠይቄ፣ ምን ሆኖ እንደመጣ አልጠየቅሁም።»

አሰበች በማግስቱ ማስታወቂያውን ልትቀደው ስትል ከለከሏት። ካድሬውና የእርሻው ኃላፊ ቀጠሮ መያዛቸው ትክክል መሆኑን፣ ጥፋቱ ግን ጊዜ ያለውንና ጊዜ የሌለውን ሰው በአንድ ወረቀት ማስተናገዱ ላይ መሆኑን ነገሯት። አዲስ አስጻፏት። የመጀመሪያው መስመር «በሽተኛ ያለበት ሰው በማንኛውም ቀንና ሰዓት በሩን ያንኳኳ» የሚል ሆነ። ማንበብ የማይችል እንዳለም በማሰብ፣ አሰበች ማንንም ከመመለሷ በፊት ለምን እንደመጣ በቃል እንድትጠይቅ አዘዟት።

ራሳቸው ደግሞ ለእርሻ ሠራተኞቹ ቀጠሮ ሰጡ። ሰኞ ሰኞ ማይክሮስኮፓቸውን በሣጥን አድርገው፣ ድሬሰሩን አስከትለው በሽንፋ ዙሪያ ወዳሉት ካምፖች ይወርዱ ጀመር። ክረምት መንገዱን ሲዘጋው በበቅሎ ሄዱ። ትራክተር ነጂዎቹ የታመመ ሰው ያለበትን ካምፕ አስቀድመው እንዲነግሯቸው አስለመዷቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ የቀሩት የእናታቸው ቀብር ዕለት ብቻ ነው። ለእርሻ ሥራ ከጎጃምና ከወሎ ወርደው እዚያው ከቀሩት፣ ዛሬም በዚህ ከተገኙት ሠራተኞች ብዙዎቹ በእነዚያ ሰኞዎች የተረፉ ናቸው።

ከ1980 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ዶክተር ደምለው ምግብ አልስማማ አላቸው፤ ክብደታቸውም ቀነሰ። አሰበች ለጥቅምት 1981 ዓ.ም. ጎንደር ከሚገኙ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘችላቸው። ቀኑ ሰኞ ነበር። «ሽንፋ ሰው ይጠብቀኛል፣ ለውጪው» አሏት። ለወጠችው። የኅዳሩንም፣ የጥሩንም እንዲሁ ለወጠችው። ለሐኪሙ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ሥርዓት የጠበቁ ነበሩ፤ ምክንያቱን ገልጻ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ የሚመቻቸውን ሌሎች ሦስት ቀናት አቅርባ ነበር። ወይዘሮ ባንቺአየሁ «አስገድደሽ ይዘሽው ነይ» ብለው ሁለት ጊዜ ልከውባታል። እሷ ግን ወንድሟን መጫን ከበዳት። ስንት ሰው ስትመልስ የኖረች ሴት፣ አንዱን ሰው ከሥራው ለማስነሣት አንደበት አጣች። በየካቲት ወር ሐኪሙ ሲያዩዋቸው የጉበት ሕመሙ ሥር ሰድዶ ነበር።

ጎንደር ሆስፒታል በተኙበት የመጨረሻ ሳምንት ጠያቂው በዛ። አሰበች ወንድሟ ይደክማሉ ብላ ከበሩ ላይ ቆመች፤ ሰውን በየተራ እያስገባች፣ ቶሎ ቶሎ እያስወጣች ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን አስጠሯት። «በር ላይ ምን ታደርጊያለሽ? እኔ እኮ አንቺን ነው ያላየሁሽ። ነይ ተቀመጪ» አሏት። ተቀመጠች። ስለ እናታቸውና በወባ ስለሞቱት፣ እሷ ስለማታውቃቸው ሁለቱ ልጆች አወሩላት፤ ስማቸውንም ያን ጊዜ ነው የሰማችው። እንዲህ ሆነው የተጨዋወቱት አራት ቀን ብቻ ነው።

ዶክተር ደምለው ፈረደ ማክሰኞ ሚያዝያ 10 ቀን 1981 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ፣ ዛሬ፣ በትውልድ መንደራቸው ይፈጸማል።

ዶክተር ደምለው የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ዳኛው፣ ልጆቻቸው ሽታዬና ቸሩ፣ እህታቸውም አሰበች በሐዘን ላይ ይገኛሉ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ይህ ጽሑፍ ሳይነበብ በፊት አይተውታል። አሰበች ስለ ራሷ የጻፈችውን ላውጣው ወይ ብላ ስትጠይቃቸው፣ «ተይው፣ እኔም መኪና ተሳፍሬ መጥቼ ሐኪም ዘንድ ልወስደው እችል ነበር» ብለዋታል።

ከመስከረም 1973 እስከ ኅዳር 1975 ዓ.ም. መተማ ድረስ መጥታችሁ፣ ጉዳያችሁ ሳይጠየቅ የተመለሳችሁ ሁሉ፣ አሰበች ፈረደ በወንድሟ ስምና በራሷ ስም ይቅርታ ትጠይቃችኋለች።

ቸሩ አምላክ የዶክተር ደምለውን ነፍስ በብርሃን ስፍራ ያሳርፍልን፤ ከደጃችን የተመለሱትንና በመንገድ የቀሩትንም ከእሳቸው ጋር ያሳርፍልን። ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።